መልሕቅ፣ ገመድና ሰንሰለት በጣና ጀልባዎች ታሪክ

በደምበጫ ገጠር ገመድ የአራሽ ዕቃ ነው። ሞፈርን ከቀንበር ጋር የሚያገናኘው ምራን፣ እህል በጋማ ከብት ላይ የሚታሰርበት መጫኛ፣ ጥጃ የሚታሰርበት ገመድ፣ ሁሉም በየሥራቸው ይለያሉ። ምራኑ የተበጠሰበት አራሽ፣ በሬዎቹ የቱንም ያህል ቢበረቱ፣ ሥራው ይቆማል። ይህ የአራሽ ዕውቀት ከዓሣ አጥማጁ ዕውቀት የራቀ አይደለም። እንዲያውም ሁለቱ የሚገናኙበት ቦታ አለ፤ ይኸውም የጣና ሐይቅ ወለል ነው። ከምዕራብ ጎጃም፣ ከሰከላ ግሽ ዓባይ የሚነሣው ግልገል ዓባይ የማሳውን አፈር እየጠረገ ወደ ሐይቁ ያስገባል፤ የአጥማጁ መልሕቅ የሚነክሰውም ይህንኑ ደለል ነው።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ ሐይቅ አይደለም። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን፣ ጥልቀቱ በብዙው ቦታ ከ10 ሜትር አይበልጥም፤ እጅግ ጥልቅ በሆነው ስፍራም 14 ሜትር ገደማ ነው። በደሴቶቹ ዙሪያ ግን ወለሉ ድንጋያማ ነው። ጧት ጸጥ ያለው ውሃ ከቀትር በኋላ ነፋስ ሲነሣበት ማዕበል ያነሣል። እንዲህ ባለ ሐይቅ ላይ ሞተሩ የቆመበት ጀልባ በነፋስ ተገፍቶ ከአለት ጋር እንዳይላተም የሚያግደው መልሕቁ ብቻ ነው።

ይሁን እንጂ የጣና ሰዎች ለብዙ ዘመን ያለ ብረት መልሕቅ ኖረዋል። ምክንያቱም የጥንቱ ጀልባ ታንኳ ነው። ታንኳ ከደንገል እየታሰረ የሚሠራ፣ ቀላልና ውሃ የሚጠጣ ዕቃ በመሆኑ፣ ባለቤቱ ከሥራ ሲመለስ ወደ የብስ አውጥቶ ያደርቀዋል። መልሕቁ የሐይቁ ዳርቻ ነው ቢባል ከእውነት አይርቅም። በዚህ ሙያ የሚታወቁት፣ ዛሬ ነገደ ወይጦ በሚል ስም የሚጠሩት የሐይቁ ሰዎች፣ ከማኅበራዊ ኑሮ ተገልለው በኖሩበት ዘመን ሁሉ ሙያቸውን ጠብቀው አቆይተዋል። የታንኳው ጥንካሬ በደንገሉ ብቻ ሳይሆን በአስተሳሰሩ ጭምር መሆኑን እነርሱ ያውቃሉ።

ይህን እውነት ዓለም በውድ ዋጋ የተማረበት አጋጣሚ አለ። ኖርዌጂያዊው ቶር ሄየርዳል ጥንታውያን ግብፃውያን በደንገል ጀልባ አትላንቲክን ማቋረጥ ይችሉ እንደነበረ ለማሳየት አስቦ፣ ደንገሉን ከጣና አስቈርጦ ወደ ግብፅ ወሰደ፤ የሠሩለትም ከቻድ ሐይቅ የመጡ ባለሙያዎች ነበሩ። «ራ» የተባለችው ጀልባ እ.ኤ.አ. በ1969 ከሞሮኮ ሳፊ ወደብ ተነሣች። በጥንታውያን የግብፅ ሥዕሎች ላይ ወደ ላይ የታጠፈውን የጀልባዋን ጅራት ከመካከሏ ጋር የሚያያይዝ ገመድ ይታያል። የዚያ ገመድ ጥቅም በጊዜው ስላልታወቀ ተተወ። ጅራቱም ወደ ውሃ እየሰጠመ ሄደ፤ ጀልባዋ ብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከተጓዘች በኋላ ባርቤዶስ ሳትደርስ ተተወች። በማግስቱ ዓመት ጉድለቱ ታርሞ የተሠራችው «ራ ሁለት» ግን ባርቤዶስ ደረሰች። የአንድ ገመድ መኖርና አለመኖር የጉዞውን ዕጣ ወሰነ።

በጣና ላይ የመልሕቅ ጉዳይ ለአጥማጁ አንገብጋቢ የሆነው ከባዱ ጀልባ ከመጣ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1986 የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ከአንድ የኔዘርላንድ በጎ አድራጎት ድርጅት ጋር በመተባበር ባለ ሞተር ጀልባዎችንና የናይለን መረብን ለአጥማጆች አስተዋወቀ። ባለ ሞተር ጀልባ እንደ ታንኳ በትከሻ ተይዞ ከውሃ አይወጣም፤ አጥማጁም ከዳርቻ ርቆ ይሄዳል፤ መረቡንም በጥልቁ ውሃ ይጥላል። በመሆኑም ታንኳው ያልጠየቀውን ጥያቄ ጀልባው ጠየቀ፤ በምን ይታሰር?

ለዚህ ጥያቄ የመጀመሪያው መልስ በየትም አገር ድንጋይ ነው። ድንጋይ ግን በውሃ ውስጥ ከሢሶ በላይ የሚሆን ክብደቱን ያጣል፤ ብረት የሚያጣው አንድ ስምንተኛ ያህሉን ብቻ ነው። ከዚህም በላይ መልሕቅ የሚይዘው በክብደቱ ብቻ አይደለም፤ ጥፍሩ ወለሉን በመንከሱ ነው። እንግሊዛዊው የፊዚክስ ሊቅ ጂ. አይ. ቴይለር እ.ኤ.አ. በ1933 በማረሻ አምሳል የሠራው መልሕቅ ይህን ለዓለም ያረጋገጠ ነው፤ ቀላል ሲሆን፣ ሲጎተት ይበልጥ ይቀበራል። ለደምበጫ አራሽ ይህ አዲስ ነገር አይሆንበትም። በለስላሳ ደለል ላይ ሰፋ ያለ ጥፍር ያለው መልሕቅ ይመረጣል። በደሴቶች አጠገብ ግን መልሕቁ በድንጋይ መካከል ተይዞ ሊቀር ስለሚችል፣ ከኋላው የሚስበው ሌላ ቀጭን ገመድ ይታሰርለታል።

መልሕቁ በራሱ ግን በቂ አይደለም። ገመዱ ካጠረ መልሕቁን ወደ ላይ ይነቅለዋል፤ ከረዘመ በአግድም ይስበዋል፤ በዚያን ጊዜ ይነክሳል። በተለመደው የባሕር ሥርዐት፣ ገመድ ብቻ ሲሆን የጥልቀቱን ሰባት እጥፍ፣ ሰንሰለት ሲሆን ከሦስት እስከ አምስት እጥፍ ይለቀቃል። በ10 ሜትር ውሃ ላይ 70 ሜትር ገመድ ማለት ነው። እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኰንን ሳሙኤል ብራውን በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የብረት ሰንሰለትን በመርከብ ላይ ካስለመደ ወዲህ፣ ሰንሰለቱ በክብደቱ ከወለሉ ላይ ተጋድሞ ስበቱን አግድም ማድረጉ ታውቋል። ድንጋይም አይፈቀውም። ናይለን በበኩሉ ይለጠጣል፤ የማዕበሉን ግፊት እየዋጠ መልሕቁ እንዳይነቀል ያደርጋል። ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ገመድ ርካሽ ነው፤ ይሁንና ውሃ ላይ ስለሚንሳፈፍ በሞተሩ ማራገቢያ ይጠመጠማል። ስለዚህ ለአነስተኛ ጀልባ ከመልሕቁ ቀጥሎ ጥቂት ሜትር ሰንሰለት፣ ከዚያ እስከ ጀልባው ናይለን ማድረግ የሚሻል ሆኖ ተገኝቷል።

አጥማጅ ለአንድ ሜትር ሰንሰለት የሚያወጣው ገንዘብ ከልጆቹ ቀለብ የሚቀነስ ነው፤ ገመዱን አሳጥሮ የሚገዛውም ስንፍና ይዞት አይደለም። ይሁን እንጂ ባጠረ ገመድ ላይ ያደረ ጀልባ ሌሊት ነፋስ ሲነሣ ተነቅሎ ይሄዳል፤ ከእርሱም ጋር መረቡ፣ አንዳንዴም ሰው ይሄዳል። እንግዲህ የባለሙያው ግዴታ ከባድ መልሕቅ ግዛ ብሎ ማዘዝ ሳይሆን፣ የጀልባውን፣ የወለሉንና የነፋሱን ጠባይ አንድ ላይ አይቶ፣ በአጥማጁ አቅም የሚሆነውን መምረጥ ነው። ይህንንም ሲያደርግ የሐይቁን ሰዎች አስቀድሞ ሊጠይቅ ይገባዋል። የራ ጀልባ ታሪክ እንደሚያስተምረው፣ ጥቅሙ ያልታወቀን ገመድ ከመተው በፊት፣ ለምን እንደታሰረ መጠየቅ ይቀድማል።