ዜና ደሴ ወኮከብ

የደሴ ከተማ ስሟን እንዴት እንዳገኘች፣ ስሟን ያመጣላት ጅራታም ኮከብም ከወዴት መጥቶ ወዴት እንደ ሄደ የሚነግረው ዜና ይህ ነው።

በ1874 ዓመተ ምሕረት፣ በዘመነ ማርቆስ፣ ግንቦት 30 ቀን የሸዋው ንጉሥ ምኒልክና የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት እምባቦ ላይ ተዋጉ። ድሉ ለምኒልክ ሆነ፤ ተክለ ሃይማኖትም ተማረኩ። አፄ ዮሐንስ ሁለቱ ንጉሦቻቸው ያለ ፈቃዳቸው ደም መፋሰሳቸውን በሰሙ ጊዜ እጅግ ተቆጡ። ወደ ወሎ መጡ፤ ወሎንም ከምኒልክ ወስደው ለልጃቸው ለራስ አርአያ ሥላሴ ሰጡ።

ኮከቡ የወጣው በዚያ ዘመን ነው። አስቀድመው ያዩት በነሐሴ መጨረሻ በጊኒ ባሕረ ሰላጤና በአፍሪካ ደቡባዊ ጫፍ የነበሩ ሰዎች ናቸው። በጳጉሜን በኬፕ ታውን የኮከብ መመልከቻ ጣቢያ ውስጥ የሚሠራው ዊሊያም ፊንሌይ አይቶ መዘገበው። ዓመቱ ተለውጦ ዘመነ ሉቃስ ገባ። መስከረም 8 ቀን 1875፣ በዕለተ እሑድ፣ ኮከቡ ወደ ፀሐይ ቀረበ፤ ከገጽዋ የለየው ርቀት ግማሽ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር አይሞላም ነበር። በቀትር ብርሃን ከፀሐይ አጠገብ በዓይን ታየ። ፊንሌይና ባልደረባው ኤልኪን በመነጽር እየተከተሉት እስከ ፀሐይ ጠርዝ አደረሱት፤ ጠርዙን ሲነካ ጠፋ። በፀሐይ ፊት ሲያልፍ ጥቁር ነጥብ እንኳ አልታየም። ሰማዩን የሞላው ጅራት ባለቤት ያን ያህል ትንሽ ነበረ!

ወዲያው ደግሞ በማለዳ ሰማይ ታየ። በመስቀል ሰሞን ደመራ ለመለኮስ የተሰናዳ ሕዝብ ሁሉ ጎሕ ሳይቀድ ወደ ምሥራቅ ቢመለከት ረጅሙን ጅራት ያየው ነበር።

አፄ ዮሐንስም ከጦሳ ተራራ ሥር ሰፍረው ሳሉ ኮከቡን አዩ፤ አይተውም ደስ አላቸው፤ ሰፈሩንም ደስታዬ ሲሉ «ደሴ» አሉት ተብሎ ይተረካል። ጅራታም ኮከብ በብዙ አገር የጦርነትና የረኃብ ምልክት ተብሎ ሲፈራ ኖሯል። በዚህ ስፍራ ግን የደስታ ስም ሆነ፤ እኔ ከዜናው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ለኮከቡ ራሱ የሰው ስም አልወጣለትም፤ ሊቃውንቱ «የመስከረም ታላቁ ጅራታም ኮከብ» ብለው በወሩ ጠሩት።

መንገዱም እንዲህ ነበረ። ፕላኔቶች ሁሉ ወደሚዞሩበት አቅጣጫ ሳይሆን በተቃራኒው እየመጣ ጎዳናቸውን አቋርጦ ገባ። ፀሐይ አጠገብ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ሆነ፤ ከደሴ አዲስ አበባ ያለው መንገድ በዚህ ፍጥነት አንድ ሰከንድ አይፈጅም። አራት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ ፀሐይን በግማሽ ዞሯት ተመለሰ። ሙቀቷና ስበቷ ግን ልቡን ሰበረው፤ ስብርባሪዎቹም እንደ መቁጠሪያ ተደርድረው ታዩ። በጥቅምት ዴቪድ ጊል የሚባል የከዋክብት ተመራማሪ ኮከቡን ፎቶግራፍ ቢያነሣው ከጀርባው እልፍ ከዋክብት አብረው ተቀረጹ፤ የሰማይን ካርታ በፎቶግራፍ የማንሣት ሐሳብ ከዚያ በረታ። ሃይንሪሽ ክሮይትስ የሚባል ጀርመናዊም መንገዱን አስልቶ፣ እንዲህ ፀሐይን ታክከው የሚያልፉ ኮከቦች ከአንድ ወላጅ የተሰበሩ ወንድማማቾች መሆናቸውን አስረዳ። ከወንድሞቹ አንዱን ኢኬያና ሴኪ የሚባሉ ሁለት ጃፓናውያን በ1958 ዓመተ ምሕረት አገኙት፤ ቀኑ በእኛ አቆጣጠር ያው መስከረም 8 ነበረ።

ወደ ደሴ እንመለስ፤ ኮከቡ ካለፈ በኋላ የወሎው ራስ ሚካኤል ከተማዋን መናገሻቸው አደረጓት፤ አይጠየፍ የተባለውንም አዳራሽ አሠሩባት። ጣሊያን መጣ፤ ሄደም፤ በቋንቋው አደባባይ ማለት የሆነው ፒያሳ የሚለው ቃል በመካከሏ ቀረ። ዛሬ በፒያሳ የሚመላለሰው መንገደኛ፣ ወደ ኮምቦልቻ የሚወርደውም ተሳፋሪ፣ የከተማውን ስም ሲጠራ የዚያን መስከረም ብርሃን ይጠራል።

ስብርባሪዎቹ አሁን ከፕላኔቶች ወዲያ በጨለማው ውስጥ እየራቁ ይሄዳሉ። ሊቃውንቱ እንዳሰሉት ፊተኛው ከ660 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ ኋለኛው ወደ 960 ዓመት ቀርቦ ይመለሳሉ፤ በየተራም ፀሐይን ይታከካሉ።