የምጽዋን ሟቾች ማን ያስታውሳቸው?



በአገራችን ባህል ሰው ሲሞት መርዶ ይነገራል፣ ድንኳን ይተከላል፣ ይለቀሳል፣ ተዝካሩም ይወጣል። ዘመድ እርሙን አውጥቶ ወደ ኑሮው የሚመለሰው ከዚህ በኋላ ነው። መርዶ ያልተነገረው ሰው ግን በር በተንኳኳ ቁጥር ልቡ ይደነግጣል። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. በቀይ ባሕር ዳርቻ በምጽዋ ከተማ ከወደቁት ወታደሮች መካከል የአያሌዎቹ ቤተሰቦች እንዲህ ሆነው ቀርተዋል። ስለ እነዚያ ወታደሮች ዛሬ ጥቂት ማለት እፈልጋለሁ። ዘመኑ ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆኑን ልብ ይበሉልኝ።

ምጽዋን ያላዩ አንባቢያን ከተማዋን እንደሚከተለው ይሳሏት። ሦስት ክፍል አላት። አንደኛው በየብሱ ላይ ያለው ሠፈር ነው። ሁለተኛው ጥዋለት የሚባለው ደሴት ሲሆን፣ ከየብሱ ጋር የሚያገናኘው በባሕሩ ላይ የተደለደለ ረጅምና ጠባብ መንገድ ነው። ሦስተኛው ወደቡና አሮጌው ከተማ ያሉበት ደሴት ነው፤ እሱም ከጥዋለት ጋር በሌላ ድልድል መንገድ ይያያዛል። ደሴቶቹ የሚጠጡት ውሃ ከየብሱ በቧንቧ የሚመጣ ነው። ሙቀቱ በሰኔና በሐምሌ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። የኋላውን ታሪክ የሚያስረዳን ይኸው አቀማመጥ ስለሆነ አንርሳው።

ኤርትራ በ1945 ዓ.ም. ከኢትዮጵያ ጋር በፌዴሬሽን ከተቀላቀለች በኋላ ምጽዋ የባሕር ኃይላችን ዋና ሠፈር ሆነች። በዕድሜ የገፋችሁ አንባቢያን በየዓመቱ ይከበር የነበረውን የባሕር ኃይል ቀን፣ ከየአገሩ የሚመጡትን የጦር መርከቦችና ነጭ የለበሱትን ባሕርተኞች ታስታውሱ ይሆናል። ፌዴሬሽኑ በ1955 ዓ.ም. ፈረሰ። ከዚያ በፊት በ1953 ዓ.ም. መጨረሻ የተተኮሰው ጥይት ግን ለ30 ዓመታት ያህል ሳይቆም ቀረ።

ምጽዋ ከ1982ቱ በፊትም ደም ጠጥታለች። በታኅሣሥ 1970 ዓ.ም. የኤርትራ ሕዝብ ነፃነት ግንባር፣ በተለምዶ ሻዕቢያ የምንለው፣ ከተማዋን ለመያዝ በጨው ማምረቻው ሜዳ በኩል ማጥቃት አካሄደ። መሸሸጊያ በሌለው፣ ጨዋማ ውሃ በተኛበት በዚያ ሜዳ ላይ የግንባሩ ተዋጊዎች በብዛት ወደቁ። ተከላካዩ ጦር ለወራት ተከብቦ ቢቆይም ከተማዋን አላስወሰደም። እንግዲህ ያ መሬት ከ12 ዓመት በኋላ የእኛዎቹን ሲቀበል፣ የእነሱን ልጆች አስቀድሞ ተቀብሎ ነበር ማለት ነው።

በ1982 ዓ.ም. ነገሩ ተገላቢጦሽ ሆነ። በመጋቢት 1980 አፍዓበት ላይ የነበረው የናደው ዕዝ ተደምስሶ ነበር። በግንቦት 8 ቀን 1981 በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ምክንያት ሠራዊቱ ልምድ ያላቸውን ጄኔራሎች በሞትና በእስር አጣ። በቀድሞው የአሜሪካ ፕሬዚዳንት በጂሚ ካርተር አማካይነት በአትላንታ የተጀመረውና በኅዳር 1982 በናይሮቢ የቀጠለው ድርድርም ፍሬ አላፈራም። ከዚህ በኋላ የካቲት 1 ቀን 1982 ዓ.ም. በጨለማ ሻዕቢያ «ፈንቅል» ብሎ የሰየመውን ዘመቻ ከፈተ።

የአስመራ መንገድ ወዲያው ተቆረጠ። በሦስተኛው ቀን በየብስ ላይ ያለው የከተማው ክፍል ተያዘ። የተረፈው ጦር ወደ ጥዋለት ተሰበሰበ። ቀደም ሲል የገለጽኩትን አቀማመጥ አሁን መለስ ብለው ያስቡት። የብሱ ሲያዝ ውሃው አብሮ ተያዘ። ከፊት አንድ ጠባብ መንገድ፣ ከኋላ ባሕር ብቻ ነበር። በባሕሩም ላይ የግንባሩ ፈጣን ጀልባዎች ይመላለሱ ነበር። እነዚያ ወታደሮች በዚህ ሁኔታ ውስጥ አንድ ሳምንት ያህል ተዋጉ። የካቲት 9 በድልድሉ መንገድ ላይ ታንክ እየቀደመ የመጨረሻው ማጥቃት መጣ፤ በማግስቱም ከተማዋ ሙሉ በሙሉ በሻዕቢያ እጅ ገባች። በጥዋለት ከነበሩት ከፍተኛ መኮንኖች አንዱ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ራሳቸውን መሠዋትን መረጡ። ሌሎች በሺህ የሚቆጠሩ ተማረኩ። የሞቱት ስንት እንደሆኑ የሚነገረው አሃዝ እንደ ተናጋሪው ይለያያል።

እነዚህ ሟቾች እነማን ነበሩ? ከፊሎቹ ዕድሜ ልካቸውን በውትድርና ያሳለፉ ናቸው። አያሌዎቹ ግን በ1975 ዓ.ም. በታወጀው የብሔራዊ ውትድርና አዋጅ መሠረት የተመለመሉ ልጆች ነበሩ። አዋጁ ከ18 እስከ 30 ዓመት ያሉትን ይመለከት ነበር፤ የ6 ወር ሥልጠናና የ24 ወር አገልግሎት። አፈሳውን የማያስታውስ አለ? ከገበያ፣ ከእርሻ፣ ከኳስ ሜዳ የተወሰደው ልጅ ሁለት ዓመት ተኩል ተብሎ ሄዶ ሳይመለስ ቀረ። ባሕርን መጀመሪያ ያየው በምጽዋ ነው፤ መጨረሻም ያየው እዚያው ነው።

ከተማዋ ከተያዘች በኋላ መንግሥት በአውሮፕላን ደበደባት። ሰላማዊ ሰዎች አለቁ፣ በወደቡ የተከማቸ የእርዳታ እህልም ተቃጠለ። ይህንን ሳንጨምር ስለ ወታደሮቹ ብቻ ብናወራ ታሪኩን ግማሽ አድርገን መተረካችን ነው። የወታደሩን መከራ ማስታወስ ያዘመተውን መንግሥት ማወደስ አይደለም፤ እንዲያውም ልጆቹን በምን ሁኔታ እንደጣላቸው ያሳየናል።

ኤርትራውያን የፈንቅልን ቀን በየዓመቱ በየካቲት ያከብራሉ፤ በጥዋለት መግቢያም ታንኮች ተተክለው መታሰቢያ ሆነዋል። በእኛ በኩል ስማቸውን ዘርዝሮ የያዘ መታሰቢያ የለም። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ሠራዊቱ ሲበተን መንግሥትም አብሮ ተለወጠ። ተሸናፊ ጦር ወራሽ የለውም፤ አዲሱ መንግሥት እንደ ራሱ ሟች አልቆጠራቸውም፤ አሮጌው ደግሞ ፈርሷል። የቀሩት መርከቦች ወደ የመን ሲሸሹ ከባሕርተኞቹ ብዙዎቹ እዚያው ስደተኛ ሆኑ። ነገሩ ፈጽሞ እንዳይረሳ ያደረጉት፣ እንደ ታደሰ ቴሌ ሳልቫኖ «አይ ምጽዋ» ያሉ መጻሕፍትና የተረፉት ሰዎች ትዝታ ናቸው።

ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ ስለ ቀይ ባሕርና ስለ ወደብ ብዙ ሲነገር ሰምተናል። በስደት አገር ተቀምጦ ስለ ባሕር በር መከራከር ቀላል ነው። ሐሳባችሁ ወዲህም ይሁን ወዲያ፣ ከመናገራችሁ በፊት ጥዋለትን አስቡ እላለሁ። ለዚያ ዳርቻ የተከፈለውን ዋጋ የከፈለው ተናጋሪው አልነበረም፤ የገበሬው ልጅ ነው፤ በወዲያኛው ወገንም እንዲሁ የገበሬውና የእረኛው ልጅ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? መንግሥትን ሳንጠብቅ ልንሠራው የምንችለው ነገር አለ። በየማኅበራችን፣ በየቤተ ክርስቲያኑና በየመስጊዱ በዚያ ጦርነት ያለፉ አባቶች አሉ። በመኪና ማቆሚያ፣ በታክሲ፣ በጥበቃ ሥራ ኖረው ዛሬ ጡረታ የወጡ ናቸው። ብዙዎቹ ስላልተጠየቁ አልተናገሩም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱና ጠይቋቸው፤ ጋሼ፣ ከአጠገብዎ የወደቀው ማን ይባል ነበር? የየት አገር ሰው ነበር? የእናቱን ስም ነግሮዎት ያውቃል? በሉ። የነገሯችሁን ስም፣ የተወለደበትን ወረዳ፣ የነበረበትን ክፍል በወረቀት ጻፉት፣ ድምፃቸውንም ቅረጹ። አንድ ስም ቢገኝ ለአንድ ቤተሰብ መርዶ ይሆናል፤ እርሙን ያወጣል።

ከዚህም አልፎ ጎረቤታችሁ ኤርትራዊ ከሆነ፣ እሱም ወንድሙን በዚያው ሜዳ ቀብሮ ሊሆን ይችላል። በየካቲት ቀን ቡና ጠርታችሁ ብትጠይቁት ነውር የለውም። የሁለታችሁም ሟቾች አንድ አፈር ላይ ናቸው። ምስክሮቹ ግን እያረጁ ነው፤ በ1982 ዓ.ም. የ20 ዓመት ወጣት የነበረው ዛሬ ስልሳ እየተጠጋ ወይም እያለፈ ነውና ጥያቄውን ለከርሞ አታቆዩት።