«ስብረት መለኪያ» ወይስ «ስኳር መለኪያ»? የአንድ መሣሪያ ስም ታሪክ

ለአንድ ባዕድ መሣሪያ የአማርኛ ስም ከማውጣት አስቀድሞ መሣሪያው የሚለካውን ነገር ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ በኪስ ተይዞ የሚዞረው ዲጂታል ሬፍራክቶሜትር ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። ጥቂት ጠብታ የፍራፍሬ ወይም የሸንኮራ አገዳ ጭማቂ ሲያርፍበት ወዲያው አኃዝ ያሳያል፤ አኃዙም የስኳር መጠን ተብሎ ስለሚነበብ «ስኳር መለኪያ» ብሎ መሰየም ይቀላል። ይሁንና መሣሪያው ስኳርን ከቶ አይለይም፤ የሚለካው ብርሃን ወደ ፈሳሹ ሲገባ ከአቅጣጫው ምን ያህል እንደሚዛነፍ ነው።

የጽንሰ ሐሳቡ ስያሜ የቆየ ታሪክ አለው። ኢብን ሳህል እ.ኤ.አ. በ984 ገደማ በባግዳድ፣ ሆላንዳዊው ስኔል ደግሞ በ1621 የዝንፈቱን ሕግ ደረሱበት። ኢብን አል ሀይሠም በዐረብኛ ክስተቱን «ኢንዒጣፍ» ይለዋል፤ ይህም ከእኛ «ዐጠፈ» ጋር በድምፅም በፍቺም ይቀራረባል። ላቲን ግን ከ«መስበር» ተነሣ፤ ጀርመንኛውም «ብሬሁንግ»፣ የዛሬው ዐረብኛም «ኢንኪሳር» እያሉ ያንኑ መንገድ ተከተሉ። አማርኛም «ሰበረ» ካለው ግሥ «ስብረት» የሚለውን ስም ሲያወጣ ከዚሁ ማኅበር ገባ።

ኤርንስት አቤ በጀርመን አገር በዬና ከተማ እ.ኤ.አ. በ1869 የመጀመሪያውን የላቦራቶሪ ሬፍራክቶሜትር ሠራ፤ በ1874ም አሠራሩን በጽሑፍ አስታወቀ። በዛሬው የኪስ መሣሪያ ውስጥ ትንሽ ብርሃን ሰጪ ዳዮድ በፕሪዝም በኩል ወደ ጠብታው ያበራል፤ የብርሃንና የጥላውን ድንበር ዐይን በማየት ፈንታ ብርሃን ተቀባይ ሕዋሳት ይለዩታል። ስብረት ከሙቀት ጋር ስለሚለዋወጥ መሣሪያው ሙቀቱን ለክቶ ንባቡን ያርማል። የንጹሕ ውሃ የስብረት አኃዝ በ20 ዲግሪ ሴልስየስ 1.333 ነው፤ ስኳር ሲሟሟበት አኃዙ ከፍ ይላል።

«ብሪክስ» የተባለው መለኪያ የተወለደው ግን ከሌላ መሣሪያ ነው። ካርል ባሊንግ እ.ኤ.አ. በ1843 ያወጣውን ሠንጠረዥ አዶልፍ ብሪክስ በ1850ዎቹ አረመው፤ ሁለቱም የተመሠረቱት በፈሳሽ ላይ በሚንሳፈፍ የእፍጋት መለኪያ ላይ ነበር። አንድ ዲግሪ ብሪክስ በ100 ግራም ሙሙት ውስጥ 1 ግራም ስኳር ማለት ነው። ስብረት መለኪያ ይህን አኃዝ ወረሰ። በሆላንዱ ኤች ቪ ኤ ኩባንያ የተቋቋመው የወንጂ ስኳር ፋብሪካ በ1946 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ይኸው የሙያ ቃል በአገራችንም ቦታ አለው።

እዚህ ላይ ሁለት ጥንቃቄዎች ያሻሉ። አንደኛ፣ «ብሪክስ» የሰው ስም ነው፤ ከእኛ «ብርዝ» ጋር ያለው የድምፅ መመሳሰል ድንገተኛ በመሆኑ ከ«በረዘ» ሥር ሊፈለግ አይገባም። ሁለተኛ፣ ስሙ ንባቡን ያሳስታል። አንድ ኪሎ ማር በሦስት ኪሎ ውሃ ቢበረዝ፣ ከማሩ ከመቶ 80 ያህሉ ጠጣር ቢሆን፣ መሣሪያው ወደ 20 ብሪክስ ያሳያል፤ ይህ እውነት ነው። ብርዙ ፈልቶ ጠጅ ሲሆን ግን ስኳሩ ወደ አልኮል ይለወጣል፤ አልኮልም ከውሃ ይልቅ ብርሃንን ስለሚሰብር መሣሪያው ከቀረው ስኳር የበለጠ አኃዝ ይሰጣል። ጨውም ሎሚም የየራሳቸውን ስብረት ይጨምራሉ። «ስኳር መለኪያ» የሚለውን ስም አምኖ የሚገዛም የሚሸጥም ሰው በሚዛኑ ሳይሆን በቃሉ ይታለላል። በዚያም ላይ ይህ ስም በዛሬው የከተማ አነጋገር የስኳር ሕመምተኞች ደማቸውን የሚፈትሹበት መሣሪያ ሆኗል።

ስለዚህ የሚከተለውን ማቅረብ ይቻላል። መሣሪያው «ስብረት መለኪያ» ይባል፤ የኪሱ ዐይነት «የኪስ ስብረት መለኪያ» ይባል። «ተንቀሳቃሽ» የሚለው ቃል በራሱ የሚንቀሳቀስ ስለሚያስመስል አይመረጥም። «ብሪክስ» የመለኪያ ስም እንደመሆኑ፣ እንደ ሴልስየስ ሁሉ፣ ሳይተረጐም ይቆይ። «የስኳር መጠን» የሚለው ሐረግ በውሃ ለሟሟ ንጹሕ ስኳር ብቻ ይዋል፤ ለሌላው ሁሉ «የሟሟ ጠጣር መጠን» ይባል። ቃሉ ረዘም ይላል፤ ነገር ግን ገበሬው ለፍሬው፣ ንብ አርቢውም ለማሩ በአኃዝ ዋጋ በሚቀበልበት ዘመን የቃል ትክክለኛነት ከሚዛን ትክክለኛነት አያንስም።