ከቤቱ የወጣ ሰው የት ይመዘገባል? ከዳባት የተነሣ የዲጂታል ጤና ጥያቄ

እስቲ ቀላል የሚመስል ጥያቄ ልጠይቃችሁ። እናንተ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?

ቶሎ አትመልሱ፤ ትንሽ ቆዩ። ለትምህርት ጎንደር የተከራየው ወንድማችሁ ይቆጠራል? ሰሊጥ ለማጨድ መተማ ወርዶ ሦስት ወር የቆየው አጎታችሁስ? ባለፈው ሳምንት የተወለደችው፣ ክርስትና ስላልተነሣች ገና ስም ያልወጣላት ሕፃንስ? አያታችሁ «ቤተኛ ናት» ትላለች፣ የቀበሌው መዝገብ ደግሞ አያውቃትም።

ይህን ጥያቄ ከ1996 ጀምሮ በየቤቱ እየዞሩ የሚጠይቁ ሰዎች ያሉት ዳባት ወረዳ ውስጥ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው። የቀን መቁጠሪያው ጉዳይ ራሱ ኋላ ይመጣብናል።) ከጎንደር ተነሥታችሁ ወደ ደባርቅ ስትጓዙ፣ 75 ኪሎ ሜትር ያህል እንደሄዳችሁ የምታገኟት ከተማ ናት ዳባት። ትንሽ አለፍ ብሎ ደባርቅ፣ የሰሜን ተራሮች በር። ከደባርቅ ሊማሊሞን ጠመዝማዛ ወርዳችሁ ድብ ባሕር ስትደርሱ ደግሞ ጋቢያችሁን አውልቃችሁ ጥላ ትፈልጋላችሁ። ደጋና ቆላ እንዲህ ተጎራብተው ነው የሚኖሩት። በሽታዎቻቸውም እንደዚሁ።

ሥራውን የሚመራው የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ነው። ይህ ዩኒቨርሲቲ በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀመር፣ ከዚያ ቀደም ብሎ ደምቢያን የመታው የወባ ወረርሽኝ ገና ከሰው ልብ አልወጣም ነበር። የጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና የአካባቢ ጤና ባለሙያ በቡድን ሠልጥነው ወደ ገጠር ይወርዱ ነበር። እንግዲህ ተማሪን ወደ መንደር መላክ ለጎንደር አዲስ ነገር አይደለም። በ1980ዎቹ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቡታጅራ ላይ ሰዎችን ቤት ለቤት በቋሚነት የመከታተል ሥራ ጀመረ። ቀጥሎ ዳባት መጣ። ጂማ፣ ሐረማያ፣ መቀሌና አርባ ምንጭ ዩኒቨርሲቲዎችም ከ2000 በኋላ የየራሳቸውን ጣቢያ ከፈቱ።

አሠራሩን ልንገራችሁ፤ እኔ እንደ መሐንዲስ በጣም የምወደው ክፍል ነው። አንድ የውኃ ታንከር አስቡ። ሁለት ቧንቧ ያስገባል፣ ሁለት ቧንቧ ያስወጣል። የሚያስገቡት መወለድና ከሌላ ቦታ መጥቶ መስፈር፣ የሚያስወጡት መሞትና ለቆ መሄድ ናቸው። መጀመሪያ በተመረጡት ቀበሌዎች ያለ ሰው ሁሉ ይቆጠራል፣ ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር ይሰጣል። ከዚያ መረጃ ሰብሳቢው በየስድስት ወሩ እየተመለሰ «ማን ተወለደ? ማን ሞተ? ማን መጣ? ማን ሄደ?» ይላል። አራቱን ቧንቧዎች በትክክል ከለካችሁ፣ ታንከሩ ውስጥ ስንት እንዳለ በየትኛውም ቀን ማስላት ትችላላችሁ። አንዱ ቧንቧ ካፈሰሰ ግን ስሌቱ በሙሉ ይበላሻል።

«ሆስፒታል መዝገብ አለው አይደል፤ ለምን ይለፋል?» ትሉ ይሆናል። ሆስፒታል የሚያውቀው የመጣውን ሰው ነው። ቤቱ ታሞ ቤቱ የሞተውን አያውቅም። አገራችን የልደትና የሞት ምዝገባን በሕግ ደረጃ በመላ አገሪቱ የጀመረችው በ2016 ነው። ከዚያ በፊት አንድ የገጠር ሰው በምን እንደሞተ ለማወቅ የነበረው መንገድ፣ የሐዘኑ ጊዜ ካለፈ በኋላ ቤተሰቡን ቁጭ ብሎ መጠየቅ ነበር። ትኩሳት ነበረው? ያስለዋል? ስንት ቀን ተኛ? የተሰበሰበውን ቃል ሐኪሞች ለየብቻ ያነቡና የሞቱን ምክንያት ይገምታሉ። ካልተስማሙ ሌላ ሐኪም ይጨመራል።

እዚህ ላይ የጨቅላዎች ጉዳይ አለ። በክርስቲያን ቤተሰብ ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ከዚያ በፊት የሞተች ሕፃን ብዙ ጊዜ ትልቅ ለቅሶ አይቀመጥላትም። እናትየውም በጥያቄ መሐል «አንዲት ልጅ ነበረችኝ» ብላ ላታነሣት ትችላለች። ከስድስት ወር በኋላ የመጣው መረጃ ሰብሳቢ ቤቱን እንደተወው ያገኘዋል፤ ሰው አልጨመረም፣ ሰው አልጎደለም። ልጅቷ በሁለት ቧንቧ አልፋ ሄዳለች፣ ቆጣሪው ግን አላያትም። መፍትሔው ምንድን ነው? ልጁን ሳይሆን እርግዝናውን መመዝገብ። በዚህኛው ዙር «ነፍሰ ጡር ናት» ተብሎ ከተጻፈ፣ በሚቀጥለው ዙር «ያ እርግዝና ምን ሆነ?» ብሎ መጠየቅ ግድ ይሆናል። አዲስ ማሽን አላስፈለገም። አንድ ጥያቄ ቦታው ላይ ገባ፣ በቃ።

ስም ደግሞ ሌላው ራስ ምታት ነው። ራሴ ላይ የደረሰውን ላጫውታችሁ። ከምህንድስና ወደዚህ ሥራ ስመጣ የመጀመሪያውን የመመዝገቢያ ፎርም የሠራሁት ከውጭ የመጣ ናሙና ገልብጬ ነበር፤ «የቤተሰብ ስም» የሚል የግዴታ ሳጥን ነበረው። ፎርሙን የሞከረችልኝ መረጃ ሰብሳቢ ሳቀች። «የቱን ቤተሰብ?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ አገር ባል በአባቱ፣ ሚስት በአባቷ፣ ልጆች በአባታቸው ስም ይጠራሉ። በአንድ ጣሪያ ሥር ሦስት ዓይነት «የቤተሰብ ስም» አለ። አንዷ ሴት የመዝገብ ስም፣ የክርስትና ስምና አማቷ ያወጡላት ስም ሊኖራት ይችላል፤ ጎረቤት ደግሞ «የእገሌ እናት» ይላታል።

ፊደላችንም አለ። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በስንት መንገድ መጻፍ ይቻላል? የመጀመሪያው ፊደል ጸ ወይም ፀ፣ ሁለት። የሁለተኛው ድምፅ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ፣ ስድስት። ሁለት ጊዜ ስድስት፣ 12። ለእኛ ሁሉም አንድ ሰው ናት፤ ለኮምፒውተር ግን 12 የተለያዩ ሴቶች። ዕድሜም እንደዚሁ ነው። «የተወለድሁት በ77 ድርቅ ነው» ያለን ሰው ወደ ቀን መለወጥ፣ 13 ወር ያለውን ዘመን 12 ወር ብቻ ለሚያውቅ ሶፍትዌር ማስረዳት፣ እነዚህ ሁሉ የምርምር ሥራዎች ናቸው። ግን እኮ ለጋዜጣ ዜና አይሆኑም።

ታዲያ ወረቀቱን በታብሌት ብንለውጠው ችግሩ አይፈታም? ይህን በግምት ሳይሆን በሙከራ የመለሱ ተመራማሪዎች ነበሩ፤ የሞከሩትም እዚያው ዳባት ነው። ውጤቱ በ2019 ታተመ። መረጃ ሰብሳቢዎቹን በዕጣ ከፍለው አንዱን ወገን ወረቀት፣ ሌላውን ታብሌት አስያዙ። ከዚያ አለዋወጧቸው። ለምን መለዋወጥ አስፈለገ? ጎበዙ ሰብሳቢ ሁልጊዜ ታብሌት ቢይዝ፣ ጥሩው ውጤት የእሱ ይሁን የታብሌቱ አናውቅማ! በወረቀት ከተሞሉት መጠይቆች ከ10 ወደ 4 የሚሆኑት፣ በታብሌት ከተሞሉት ከ10 ወደ 3 የሚሆኑት ቢያንስ አንድ ስሕተት ተገኘባቸው። ታብሌቱ አሸነፈ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን የቀሩት 3ቱ ናቸው። ታብሌት የተዘለለ ጥያቄን ያስታውሳል፣ «ዕድሜ 200» ሲባል እምቢ ይላል። የተደበቀች ልጅን ወይም በሁለት ስም የምትጠራ ሴትን ግን አያውቅም።

አሁን ከዳባት ወጥተን አገሪቱን እንይ። በ2003 የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ተጀመረ፤ በየቀበሌው ጤና ኬላ ተከፍቶ ሠራተኞች ተመደቡ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ የቤተሰብ ፎልደር ተዘጋጀ። ከ2015 በኋላ ጤና ሚኒስቴር «የመረጃ አብዮት» የሚለውን አጀንዳ ይዞ ተነሣ። ሪፖርቶች መነሻው ደቡብ አፍሪካና ኦስሎ ዩኒቨርሲቲ በሆነው ዲ.ኤች.አይ.ኤስ. 2 በተባለው ሶፍትዌር መላክ ጀመሩ፣ ፎልደሩም በኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ወደ ታብሌት መዛወር ያዘ። ትልቅ ሥራ ነው፤ ማቃለል አልፈልግም።

ነገር ግን ልብ ብላችሁ እዩት። ፎልደሩም እንደ ዳባቱ መዝገብ የሚጀምረው ከቤት ነው። መጀመሪያ የቤት ቁጥር፣ ከዚያ ሰው። በዳታቤዝ ቋንቋ ቁልፉ ቤቱ ነው። ሰው ከቤቱ ሲወጣ ምን ይሆናል?

ከዳባትና ከደባርቅ ደጋ በየዓመቱ ብዙ ወጣቶች ለእርሻ ሥራ ወደ መተማና ሁመራ ይወርዳሉ። እዚያ ቆላ ውስጥ ካላዛር አለ። በአሸዋ ዝንብ ንክሻ የሚተላለፍ፣ ትኩሳት የሚያመጣ፣ ጣፊያ የሚያሳብጥ፣ ሰውነት የሚያመነምን፣ ካልታከመ የሚገድል በሽታ ነው። ወጣቱ በሁመራ ይነከሳል፣ ዳባት ተመልሶ ይታመማል። የደጋው ጤና ጣቢያ ትኩሳቱን ያያል፣ ሁመራ መቆየቱን አያይም። የዚህ ዋጋ ምን ያህል እንደሆነ ሊቦ ከምከም አሳይቶናል። ከ2005 በፊት ካላዛር በማይታወቅበት በዚያ ወረዳ ሰዎች ሲታመሙ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነበር። ካላዛር መሆኑ ሲታወቅ ብዙዎች ሞተዋል። በሽታውን ከቆላ የተመለሱ ሠራተኞች ይዘውት እንደመጡ ይታመናል።

በ2021 ደግሞ ጦርነቱ እዚሁ ደረሰ። ከዛሪማና ከአዳርቃይ በኩል በድብ ባሕር አድርገው ሊማሊሞን የወጡ ተፈናቃዮች ደባርቅ ውስጥ ተጠለሉ። የክትባት ካርድ ይዞ የሚሸሽ ሰው ስንት ነው? ቤት የሚባለው ነገር በሌለበት፣ ቁልፉ ቤት የሆነ መዝገብ ምን ሊያደርግ ይችላል? ከኦገስት 2023 ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። የጤና ኬላው ታብሌት ያለ ኔትወርክ መመዝገብ ይችላል፤ ለዚያ ታስቦ ነው የተሠራው። ግን ለወራት ያልተገናኙ ሁለት ታብሌቶች ስለ አንዲት ሴት የተለያየ ነገር ጽፈው ሲገናኙ የማን ይጸድቃል? የኋለኛው? የቀረበው? ይህ ከባድ የኮምፒውተር ሳይንስ ጥያቄ ነው፤ እኛ ጋ ደግሞ በተግባር የሚያጋጥም ነው።

እንግዲህ የምርምር ቅደም ተከተል የሚባለው ነገር እዚህ ላይ ይመጣል። ገንዘብና ተመራማሪ ውስን ስለሆነ አገሮች ጥያቄዎችን ይደረድራሉ። በሰፊው የሚሠራበት አንዱ ዘዴ እንዲህ ነው፦ ባለሙያዎች በመቶ የሚቆጠሩ የምርምር ጥያቄዎችን ያቀርባሉ፤ ከዚያ ለእያንዳንዱ «መልስ ሊገኝለት ይችላል ወይ? በሥራ ላይ ሊውል ይችላል ወይ? ስንት ሕይወት ያድናል? ድሃውንስ ይደርሰዋል ወይ?» እያሉ ነጥብ ይሰጣሉ። ነጥቡ ይደመራል፣ ዝርዝሩ ይወጣል። ንጹሕ ሒሳብ ነው። ችግሩ ያለው ነጥብ ሰጪዎቹ ጋ ነው። አብዛኞቹ እንደ እኔ ያሉ ተመራማሪዎች ናቸው፤ እኛ ደግሞ ሰው ሠራሽ አስተውሎት ሲባል ዓይናችን ይበራል። የፊደል መለያየትን ማስታረቅ ወይም የተለያዩ ታብሌቶችን መዝገብ ማዋሐድ ዝርዝሩ ውስጥ እንኳ ላይገባ ይችላል። ዳባት ላይ ለዓመታት ቤት የዞረችውን መረጃ ሰብሳቢ ወይም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን ነጥብ ስጪ ያላት የለም ማለት ይቻላል።

የእኔን ነጥብ ከፈለጋችሁ፣ አንደኛ የማደርገው ይህን ነው፦ ቋሚ ቤት የሌለውን ወይም ከቤቱ የወጣን ሰው፣ ያለ ኔትወርክ፣ ስሙ በየቦታው በተለያየ መንገድ ቢጻፍም፣ ያው ሰው መሆኑን እንዴት እናውቃለን? ምስጢሩን ሳናጋልጥ የሚለው ይጨመርበት፤ በተለይ ለተፈናቃይ። የላቦራቶሪ ጓደኛዬ አይስማማም። ፋይዳ መታወቂያ ሲዳረስ ያልቃል ባይ ነው። እኔ ደግሞ ፋይዳ ለአዋቂው ብዙ ያግዛል እላለሁ፤ ገና ስም ያልወጣላት የሰባት ቀን ሕፃን ግን ምን ቁጥር አላት? እስካሁን አልተስማማንም።