ረጅም ሌንስን ማረጋጋት (የዱር እንስሳት ፎቶግራፍ)

ረጅም ሌንስን ማረጋጋት ማለት የዱር እንስሳትን ከሩቅ ለማንሳት የሚያገለግል ቴሌፎቶ ሌንስ ፎቶው በሚነሳበት ቅጽበት እንዳይንቀጠቀጥ የማድረግ ዘዴ ነው። ለዚህ ሥራ ብዙ ጊዜ ከ300 እስከ 600 ሚሊሜትር የትኩረት ርቀት ያላቸው ሌንሶች ይመረጣሉ። ፎቶን የሚያደበዝዙ እንቅስቃሴዎች ሁለት ናቸው፤ እነርሱም የካሜራው እና የእንስሳው ናቸው። ማቆሚያም ሆነ ማረጋጊያ የሚገታው የመጀመሪያውን ብቻ ነው።

የመንቀጥቀጥ ምክንያት

ሌንስ እንስሳውን ሲያጎላ የእጅን መንቀጥቀጥም አብሮ ያጎላል። ካሜራው በ0.1 ዲግሪ ቢያዘነብል በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ምስሉ በሴንሰሩ ላይ ወደ 0.09 ሚሊሜትር ይንሸራተታል። በ600 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ከ1 ሚሊሜትር በላይ፣ ማለትም 12 እጥፍ ይንሸራተታል። ከባድ ሌንስ እጅን ስለሚያደክም ችግሩ ይብሳል። ነፋስ እና የመኪና ሞተርም ንዝረት ይፈጥራሉ።

የሹተር ፍጥነት

በተለመደው ደንብ መሠረት፣ ካሜራ በእጅ ሲያዝ ሹተሩ ተከፍቶ የሚቆይበት ጊዜ 1 ለትኩረት ርቀቱ ተካፍሎ ከሚገኘው ሰከንድ መብለጥ የለበትም። ለ500 ሚሊሜትር ሌንስ 1/500 ሰከንድ ይሆናል። ሴንሰሩ በ1.5 እጥፍ የሚያንስ ካሜራ ከሆነ ወደ 1/750 ሰከንድ ያጥራል። ደንቡ ለእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ የወጣ ነው፤ የሚበር ወፍን ለማንሳት 1/2000 ሰከንድ ወይም ከዚያ ያጠረ ጊዜ ሊያስፈልግ ይችላል። ብርሃን ሲያንስ አይኤስኦን ከፍ ማድረግ በፎቶው ላይ ነጠብጣብ ያመጣል፤ ሆኖም ነጠብጣብን በሶፍትዌር መቀነስ የደበዘዘ ፎቶን ከማስተካከል ይቀላል።

ማቆሚያዎች

• ትራይፖድ፦ ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ ነው። ከባድ ሌንስ ሲኖር የሚታሰረው ካሜራው ሳይሆን በሌንሱ ቀለበት ላይ ያለው እግር ነው፤ ይህም ክብደቱን ሚዛናዊ ያደርጋል። የመካከለኛውን ምሰሶ ወደ ላይ አለመሳብ ንዝረትን ይቀንሳል።
• ጊምባል፦ በትራይፖድ ላይ የሚገጠም ራስ ሲሆን፣ ከባድ ሌንስ በሚዛን ተቀምጦ በትንሽ ግፊት ወደ ጎንና ወደ ላይ እንዲዞር ያስችላል።
• ሞኖፖድ፦ ባለ አንድ እግር ነው። ክብደትን ይሸከማል፣ ቦታ ለመቀየርም ያመቻል፤ ወደ ጎን ማዘንበልን ግን አይከለክልም።
• ከረጢት፦ በባቄላ፣ በሩዝ ወይም በአሸዋ ተሞልቶ በመኪና መስኮት፣ በድንጋይ ወይም በመሬት ላይ ይቀመጣል። በመኪና ውስጥ ሲሠራ ሞተሩን ማጥፋት ያስፈልጋል።

ማቆሚያ በሌለበት ጊዜ ግራ እጅ ሌንሱን ከሥር ይደግፋል፣ ክርኖች ከጎን ጋር ይጠጋሉ፣ የሹተሩ ቁልፍም በዝግታ ይጫናል።

ውስጣዊ ማረጋጊያ

በሌንሱ ውስጥ ያሉ ጋይሮ ሴንሰሮች እንቅስቃሴውን ይለካሉ፤ ከዚያም አንድ የመስታወት ክፍል በተቃራኒው አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል። በአንዳንድ ካሜራዎች የሚንቀሳቀሰው የምስል ሴንሰሩ ራሱ ነው። ካነን በ1995 እ.ኤ.አ. ከ75 እስከ 300 ሚሊሜትር የሆነ ባለ ማረጋጊያ ሌንስ ለገበያ አቅርቧል። አራት እርከን የሚያግዝ ማረጋጊያ 1/500 ሰከንድን ወደ 1/30 ሰከንድ ገደማ ለማራዘም ያስችላል። ሆኖም በ1/30 ሰከንድ የሚራመድ እንስሳ ይደበዝዛል። አንዳንድ የቆዩ ሌንሶች በትራይፖድ ላይ ሲሆኑ ማረጋጊያቸው ራሱ እንቅስቃሴ ስለሚፈጥር እንዲጠፋ ይመከራል።

ምሳሌ ከባሌ ተራሮች

በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ የሚገኘው የሳነቲ አምባ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ገላጣ ቦታ ነው። ነፋስ ሲኖር እግሮቹ ያልተዘረጉ ዝቅተኛ ትራይፖድ ወይም መሬት ላይ የተቀመጠ ከረጢት ከረጅም ማቆሚያ ይሻላል። ቀይ ቀበሮ ፍልፈል ሲያድን አድፍጦ ይጠብቃል፣ ከዚያም በድንገት ይወረወራል። ባደፈጠበት ጊዜ ጥሩ ማቆሚያ ካለ ረዘም ያለ የሹተር ጊዜ ሊበቃ ይችላል። ሲወረወር ግን የሚያስፈልገው አጭር የሹተር ጊዜ ነው።