የትናንቱ ሐኪም የት ሄደ?

ወዳጆቼ፣ በተለይ ዛሬ ማታ ተረኛ የሆናችሁ የቀድሞ ተማሪዎቼ፣ ትንሽ ታሪክ ላውራችሁ። (ዓመቶቹ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

«ሬዚደንት» ነዋሪ ማለት ነው። በ1889 በተከፈተው በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ዊሊያም ሃልስቴድ የቀዶ ሕክምና ስልጠናን ሲዘረጋ ሰልጣኙ የሚኖረው እዚያው ግቢ ነበር። ኑሮው ከባድ ነው፣ እንቅልፍ እንኳ በቅጡ የለም። ግን ሆድ የከፈተው ሰው ማታም ጠዋትም ቁስሉን ያያል። በ2003 አሜሪካኖች የሰልጣኙን ሥራ በሳምንት 80 ሰዓት ሲገድቡ ሐኪሙ አረፈ፣ በሽተኛው ግን ከእጅ ወደ እጅ መተላለፉ በዛ። መፍትሔው ርክክቡን ሥርዓት ማስያዝ ሆነ። በ2014 የታተመ የዘጠኝ ሆስፒታሎች ጥናት፣ በሕፃናት ክፍል የተሠራ ቢሆንም፣ በደንብ የተደራጀ ርክክብ ሲኖር ስህተት በ23 በመቶ መቀነሱን አሳይቷል።

እኛስ? ጎንደር በ1954 ጤና መኮንኖችን ማሰልጠን ጀመረች። የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ በ1964 ተከፈተ። ቀዶ ሐኪም ግን ለረጅም ዘመን የትልልቅ ከተማ ሰው ነበር። በ2009 ጤና መኮንኖችን በድንገተኛ ቀዶ ሕክምናና በማዋለድ ማሰልጠን ሲጀመር ነገሩ መለወጥ ጀመረ። አሶሳም በ2011 ዩኒቨርሲቲ አገኘች። አዲስ አበባ ለመድረስ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ላለበት በሽተኛ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

እሺ፣ ኦፕራሲዮኑ ቀረበ። ክትትሉስ?

የተሰፋ አንጀት ካፈሰሰ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው ከቀናት በኋላ ነው። ያኔ የሰፋው ሰልጣኝ ሌላ ክፍል ተመድቧል። በሽተኛው ከኩርሙክ ወይ ከሸርቆሌ የመጣ በርታኛ ተናጋሪ ከሆነ ደግሞ አዲሱ ተረኛ ካርዱን እንጂ ሰውየውን ማንበብ አይችልም። ካርዱ ላይ ያለው «ደህና ነው» ብቻ ከሆነስ?

እዚያው የሚያድር አንድ ሰው ግን አለ፤ አስታማሚው። ትኩሳቱ መቼ እንደጀመረ፣ ሆዱ መቼ እንደተነፋ ያውቃል። በቃሉ ጥሬ ትርጉም ከሄድን ዋናው ሬዚደንት እሱ ነው! እኛ ግን ራውንድ ስንገባ መጀመሪያ የምናስወጣው እሱኑ ነው።

ስለዚህ ልጆቼ፣ ከመውጣታችሁ በፊት ሦስት ነገር ጻፉ፦ ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደምትፈሩ፣ ያ ከመጣ ማን እንደሚጠራ። ከዚያ ተረካቢውን አልጋው ድረስ ወስዳችሁ ለበሽተኛውም ለአስታማሚውም አሳዩአቸው። በአስተርጓሚም ቢሆን። አምስት ደቂቃ ነው።

እናንተ ያላችሁበት ሆስፒታል ርክክቡ እንዴት ነው? እስቲ ጻፉልኝ።