ድግስ በመናፍስት ቤት

በሀገራችን መንፈስ ሰፈረበት የተባለ ቤት ካህን ተጠርቶ ጸሎት ይደረስበታል፣ ጠበል ይረጭበታል እንጂ፣ ወዳጅ ዘመድ ተጠራርቶ ሲጠጣበትና ሲጨፈርበት ማደሩ ከቶ የሚታሰብ አይደለም። እንግሊዞች ግን ሆን ብለው የሚያስፈራ ቤት ሠርተው፣ ወይም በልብ ወለድና በሲኒማ ፈጥረው፣ እንግዳን በድንጋጤ መካከል የሚያስቁበት ልማድ ካበጁ ከ250 ዓመት በላይ ሆኗቸዋል። የዚህን ልማድ ታሪክ ወደ ኋላ ተከትሎ የሄደ ሰው፣ ከደጋሾቹ መካከል ስመ ጥሩዎቹ በዘመናቸው ሕግና ቤተ ክርስቲያን ያወገዙትን፣ ወንድ ለወንድ ያለውን ፍቅር በልባቸው የያዙ ወይም በዚሁ የታሙ ሰዎች ሆነው ያገኛቸዋል። ይህ እንዲያው የተገጣጠመ ነገር አይመስለኝም፤ ዕድሜውን ሙሉ ከጎረቤት ዓይን ሲሰወር የኖረ ሰው ጭምብልና መጋረጃ፣ ጓዳና ስውር በር ምን እንደሚያገለግሉ ከሌላው አብልጦ ስለሚያውቅ፣ ይልቁንም ከሙታን መንፈስ የሕያዋን ምላስ እንደሚከፋ ቀድሞ ስለ ተረዳ፣ በመንፈሱ ለመሳቅ ድፍረቱን ያገኛል።

የልማዱ አባት ሆራስ ዋልፖል ነው። የእንግሊዝ የመጀመሪያ ጠቅላይ ሚኒስትር ተብሎ የሚቆጠረው የሰር ሮበርት ዋልፖል የመጨረሻ ልጅ ሲሆን፣ ሚስት ሳያገባ የኖረው ይህ የመኳንንት ወገን በ1747 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ከለንደን በስተምዕራብ በቴምዝ ወንዝ አቅራቢያ፣ ትዊክንሃም ከተባለው መንደር አንድ ተራ ቤት ያዘ፤ ስትሮቤሪ ሂል የተባለውም ይኸው ነው። ጆን ቹትና ሪቻርድ ቤንትሊ ከተባሉ ሁለት ወዳጆቹ ጋር ሆኖ፣ ራሳቸውን በቀልድ «የጣዕም ኮሚቴ» ብለው ሰይመው፣ በግንቡ ላይ ግንብ፣ በመስኮቱ ላይ መስኮት እየጨመሩ ያንን ቤት የጥንት ገዳምና የመሳፍንት አምባ አስመሰሉት። ከሁሉ የሚደንቀው የትልቁ አዳራሽ ጣሪያ ነው፤ በዌስትሚንስተር ገዳም ከሚገኘው ከንጉሥ ሄንሪ 7ኛ ጸሎት ቤት የተቀዳው፣ ከታች ሆነው ሲያዩት በወርቅ ያጌጠ ድንጋይ የሚመስለው ያ ጌጥ በሙጫ ከተቦካ ወረቀት የተሠራ ነበር። እንግዳው አንጋጦ ሲደነቅ ባለቤቱ ወረቀት መሆኑን ያውቃል፤ የዚህ ጥበብ ምሥጢር ሁሉ እዚህ ላይ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

በ1764 ዋልፖል በዚሁ ቤት ተኝቶ ሳለ፣ በአንድ ጥንታዊ ግንብ ደረጃ አናት ላይ የብረት ጓንት የለበሰ ግዙፍ እጅ በሕልሙ አየና፣ ከዚያ ሕልም ተነሥቶ «የኦትራንቶ ግንብ» የተባለውን ልብ ወለድ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት በገና ዋዜማም 500 ቅጂ ታትሞ ወጣ። ታሪኩ ገና ሲጀምር ሙሽራው በሠርጉ ዕለት ከላይ በወደቀ እጅግ ግዙፍ የራስ ቁር ተጨፍልቆ ይሞታል፤ አንባቢውም ይደንግጥ ወይስ ይሳቅ ሳይቆርጥለት ወደሚቀጥለው መዓት ይነዳል። የደራሲው ስም በገጹ ላይ አልነበረም፤ ከጥንት የጣሊያን መጽሐፍ የተተረጎመ አስመስሎ አውጥቶት፣ ሕዝቡ ከወደደው በኋላ በሁለተኛው እትም የራሱ ድርሰት መሆኑን ገለጠ። ስሙን ለመሸሸግ ምክንያት አላጣም፤ በዚያው በ1764 ዊልያም ጉትሪ የተባለ ጸሐፊ በፖለቲካ ጠብ ተነሣሥቶ ወንድነቱን በሚያጠያይቅ ስድብ በታተመ ጽሑፍ አዋርዶት ነበርና። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ሕግ ከወንድ ጋር የተኛን ወንድ በስቅላት ይቀጣ ስለ ነበር፣ በዚሁ ክስም እስከ 1835 ድረስ ሰዎች ስለ ተሰቀሉ፣ እንዲህ ያለው ስድብ እንደ ዋዛ የሚታለፍ አልነበረም። ስለ ዋልፖል ልብ የታሪክ ጸሐፊዎች እስከ ዛሬ ይከራከራሉ፤ በሰውየው ላይ ያረፈው ዓይን ግን አከራካሪ አይደለም።

የሰጠውን መልስ ለማየት በ1769 ጸደይ ወደ ደገሰው ድግስ መሄድ ይበቃል። የፈረንሳይ አምባሳደርና ሚስቱ፣ የስፔንና የፖርቱጋል መልእክተኞች፣ ሌሎችም መኳንንትና ወይዛዝርት ወደ ስትሮቤሪ ሂል በመጡ ጊዜ፣ ጌታው ራሱ ከበር ላይ ቆሞ ተቀበላቸው፤ በአንገቱ ላይ ግሪንሊንግ ጊበንስ የተባለው ባለ እጅ ከእንጨት የፈለፈለውን፣ እውነተኛ ዳንቴል የሚመስለውን የአንገት ጌጥ አስሮ፣ በእጁም የንጉሥ ጄምስ 1ኛ የነበረውን እስከ ክርን የሚደርስ ጥልፍ ጓንት አጥልቆ ነበር። የእንግዶቹ አሽከሮች አፋቸውን ከፍተው ተመለከቱት፤ የእንግሊዝ የባላገር ጌታ የዘወትር ልብሱ ይህ መስሏቸዋል። ስለ አለባበሱ ሲያሙት የኖሩ ሰዎች ባሉበት አገር፣ ሰው ከሚያማው በላይ ለብሶ በር ላይ መቆም ትልቅ ትዕቢት፣ ትልቅም ጨዋታ ነው። ያ የእንጨት ዳንቴል ዛሬ ለንደን በቪክቶሪያና አልበርት ቤተ መዘክር ተቀምጧል።

በ1816 በጄኔቫ ሐይቅ ዳር በቪላ ዲዮዳቲ የሆነው በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ በአጭሩ አልፈዋለሁ። በ1815 በኢንዶኔዥያ የፈነዳው የታምቦራ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን በጋ ወደ ዝናብና ብርድ ለውጦት ሳለ፣ ባለቅኔው ሎርድ ባይረን፣ ሐኪሙ ፖሊዶሪ፣ ባለቅኔው ሼሊ፣ በኋላ የሼሊ ሚስት የሆነችው ሜሪና የእርሷ የእንጀራ እህት ክሌር ከቤት ተዘግተው የመናፍስት ታሪክ ሲያነቡ፣ እያንዳንዳቸው አንድ ታሪክ እንዲጽፉ ተወራረዱ። ባይረን ወንዶችንም ሴቶችንም የወደደ ሰው ሲሆን፣ ከሀገሩ የወጣውም ሐሜት አስመርሮት ነበር፤ ከሐይቁ ማዶ ባለው ሆቴል ያረፉ ሀገር ጎብኚዎችም የእርሱን ቤት በመነጽር ይሰልሉ ነበር ይባላል። ከዚያ ውርርድ በ1818 የታተመው የሜሪ «ፍራንከንስታይን» ተወለደ፤ ይህም ወደ ፊልም ሠሪው ጄምስ ዌል ያደርሰናል።

ዌል በ1889 የከሰልና የብረት ከተማ በሆነችው በደድሊ፣ ከብረት ማቅለጫ ሠራተኛ አባት ተወለደ። ጫማ በመስፋት ጀምሮ፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት መኮንን ሆኖ ዘመተና በጀርመኖች እጅ ወደቀ፤ የትያትርን ሥራ የለመደውም በሆልትስሚንደን የምርኮኞች ሰፈር ነው። ሆሊውድ ገብቶ በ1931 «ፍራንከንስታይን»ን በፊልም ካወጣ በኋላ ዝናው ገነነ፤ ዴቪድ ሉዊስ ከተባለ የፊልም ፕሮዲዩሰር ጋር አንድ ቤት ይኖር እንደ ነበረም በሙያው ውስጥ ያሉ ሁሉ ያውቁ ነበር።

በ1932 የሠራው «አሮጌው ጨለማ ቤት» ከጄ. ቢ. ፕሪስትሊ ልብ ወለድ የተወሰደ ሲሆን፣ በዌልስ ተራሮች ዝናብና ናዳ መንገድ የዘጋባቸው መንገደኞች የፌም ቤተሰብ ከሚኖርበት ቤት ሲጠጉ የሚያድሩትን ሌሊት ያሳያል። ቦሪስ ካርሎፍ ዲዳውን ሰካራም አሽከር ሆኖ ያስፈራል፤ እኔ ግን ከእርሱ ይልቅ የማደንቀው ሆራስ ፌምን የሚጫወተውን ኧርነስት ቴሲገርን ነው። ቴሲገር በጦርነት የቆሰለ ወታደርም፣ ስለ ጥልፍ መጽሐፍ እስከ መጻፍ የደረሰ ጠላፊም ነበር። እንግዶቹ ከእሳቱ ዳር እንደ ቆሙ፣ እህቱ ልታስተካክላቸው የነበሩትን አበቦች አንሥቶ፣ ይህንኑ በትሕትና ከነገራቸው በኋላ ያለ አንዳች ስሜት ወደ እሳቱ ይወረውራቸዋል። ራት ሲቀርብ ደግሞ የተቀቀለ ድንች ሲያሳልፍ ቅዱስ ቁርባን የሚያቀብል ይመስላል። ጆሮዋ የደነቆረባት እህቱ ሬቤካ አንዲቱን ወጣት እንግዳ ከመኝታ ክፍል አስገብታ፣ ያ ቤት በወንድሞቿ ዘመን በሳቅና በኃጢአት የተሞላ እንደ ነበር እየነገረች፣ የልጅቱን ልብስ ዳስሳ ይህ ይበሰብሳል፣ ቆዳዋንም ዳስሳ ይህም ይበሰብሳል ትላታለች። በቤቱ ውስጥ እውነተኛ ሽብር የምትነዛው ይህች ሰባኪ እንጂ መንፈስ አይደለም። ከፎቅ የተኛው የ102 ዓመቱ አባት ሰር ሮደሪክ ጢም የተለጠፈበት ሲሆን፣ የተጫወተችው ኤልስፔት ደጅን የተባለች ሴት ናት፤ ዌል ግን በስም ዝርዝሩ ላይ «ጆን ደጅን» ብሎ አስጻፋት። ዋልፖል በወረቀት ጣሪያው የሠራውን ዌል በሰው ፊት ሠራው።

በ1934 የሆሊውድ የሥነ ምግባር ደንብ በጥብቅ ሥራ ላይ ሲውል የተመሳሳይ ጾታ ፍቅር በስሙ እንዳይነሣ ሆነ፤ ዌልም በ1935 «የፍራንከንስታይን ሙሽራ» በተባለው ፊልሙ ቴሲገርን መልሶ አምጥቶ በምልክትና በአሽሙር ተናገረ። ከዚያ ወዲህ ኮከቡ ወረደ፤ በ1957 በገዛ ቤቱ የመዋኛ ገንዳ ውስጥ ሕይወቱን አጠፋ። «አሮጌው ጨለማ ቤት»ም እንደ ጠፋ ይቆጠር ነበር፤ የዌል ወዳጅ የነበረው የፊልም ሠሪ ከርቲስ ሃሪንግተን፣ የፊልም ኩባንያው ዩኒቨርሳል መጋዘኑን እንዲያስፈትሽ ወትውቶ ወትውቶ በ1968 ኔጋቲቩን አስገኘው። በእንግሊዝና በዌልስ፣ 21 ዓመት የሞላቸው ወንዶች በግል ቤታቸው እርስ በርስ የሚያደርጉት ግንኙነት ወንጀል መሆኑ የቀረው ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ነበር።

ስለዚህ ሪቻርድ ኦብራየን በ1973 በለንደን በሮያል ኮርት ትያትር ቤት፣ ፎቅ ላይ ባለው ትንሽ አዳራሽ «ዘ ሮኪ ሆረር ሾው» የተባለውን ሙዚቃዊ ትያትር ሲያቀርብ አሽሙር አላስፈለገውም። ታሪኩ ያው የዌል ነው፤ ዝናብ፣ የተበላሸ መኪና፣ የተጫጩ ጥንዶች፣ ከሩቅ የሚታይ ቤት። ደጋሹ ብቻ ኮርሴትና ታኮ ጫማ አድርጎ ከንፈሩን ቀብቶ ይወርዳል። ከትያትሩ የተወሰደው ፊልም በ1974 መጸውና ክረምት የተነሣው በዚያው በቴምዝ ዳር፣ በ1859 በተሠራው በኦክሊ ኮርት ሲሆን፣ ቤቱ ማሞቂያ ያጣ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ስለ ነበር ተዋናይቱን ሱዛን ሳራንደንን የሳንባ ምች ያዛት። በ1975 ለሕዝብ ሲታይ ብዙ ተመልካች አላገኘም ነበር። በሚያዝያ 1976 ግን በኒውዮርክ ግሪንዊች ቪሌጅ በዌቨርሊ ሲኒማ በእኩለ ሌሊት መታየት ሲጀምር፣ ወጣቶች በቡድን በቡድን እየመጡ፣ ደጋሹን መስለው እየለበሱ፣ ለተዋንያኑ ከወንበራቸው እየመለሱ፣ በዝናቡ ጊዜ ጋዜጣ ከራሳቸው ላይ እየዘረጉ፣ በሠርጉ ጊዜ ሩዝ እየበተኑ ድግሱን ከመጋረጃው ወደ አዳራሹ አወረዱት። ይህ ልማድ በብዙ ከተሞች እስካሁን አለ፤ ከሲኒማ ቤቶቹ አንዳንዶቹ ሩዙን ከልክለዋል፣ ሌላውን እንደ ነበረ ትተውታል።